መልስ የማታጣው እታለም

ሚያዝያ ዘጠኝ ቀን፣ ረቡዕ፣ የ«ኑዛዜው» ትያትር ሦስተኛ ገቢር ልምምድ መሃል ላይ ቆመ። ጠበቃው ፖስታውን ሊቀድ ጣቱን አስገብቷል፤ ሦስቱ ወንዶች ልጆች አንገታቸውን አስግገዋል፤ ባልቴቷ ከወንበሯ ግማሽ ተነስታለች። ልክ እዚህ ላይ የወጣቶች ማኅበር ጸሐፊ በሩን በርግዶ ገባና «ይቅርታ አባቶች፣ የጠረጴዛ ቴኒስ ውድድር አለን» አለ። ኑዛዜው ሳይነበብ፣ ማን ምን እንደወረሰ ሳይታወቅ፣ ሁሉም ካፖርቱን ደርቦ ወደየቤቱ ሄደ። አርብ እንቀጥላለን ተባለ። አልቀጠልንም።

ባልቴቷ አክስቴ ነበረች።

በየትኛውም ሰፈር፣ ያለ አንዳች ልዩነት፣ ጥበብ በስተርጅና የያዘው አንድ ሰው አለ። ጥበብ በልጅነት ሲይዝ እንደ ኩፍኝ ነው፤ ያተኩሳል፣ ሽፍ ያደርጋል፣ ደመወዝና ትዳር ሲመጣ ይለቃል። ከሰባ ዓመት በኋላ ከያዘ ግን የሚለቅበትን መላ ያወቀ የለም። ዕድሜውን ሙሉ በር ሲጠብቅ የኖረ ዘበኛ አንድ ቀን ጊታር አንግቶ ቤቱ ይገባል። ስድስት ልጅ ያሳደገች ሴት ድንገት ወንበር መሳል ትጀምርና፣ ሥዕሉ እስኪያልቅ «እንዳትነኩት» ስለምትል ቤተሰቡ ሁሉ ቆሞ ይበላል። እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። ደረጃ ላይ ታገኟቸውና «እንዴት ነው ጤና?» ትላላችሁ፤ ያኔ አለቀላችሁ። ጤናቸውን በጥበቡ በኩል፣ ጥበቡን በጤናቸው በኩል እያዞሩ ሲተርኩላችሁ የያዛችሁት ዳቦ ይደርቃል።

የዚህ ሁሉ ወገን አውራ፣ ክብርት አክስቴ ነበረች። እኔና እህቴ «እታለም» እንላታለን። እናታችን ታላቅ እህቷን እንደዚያ ትጠራት ስለነበር፣ እናታችን ስትሞትና እሷ ስታሳድገን ስሙም አብሮ ተወረሰ። ዕድሜዋን ሙሉ የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነበረች። በአንድ ጆሮዋ የሚኒስትር ቢሮ፣ በሌላው ኪራይ ያልተከፈለው አከራይ እየጮኸባት፣ ሁለቱንም «ትንሽ ይጠብቁ» እያለች ጡረታ ወጣች። እሷ በወጣች ማግሥት ማዞሪያው ራሱ ጡረታ ወጣ። ቤት ተቀመጠች። ጉልበቷ ማበጥ፣ ደም ግፊቷ መውጣት ጀመረ። ሐኪም «በእግርዎ ይንቀሳቀሱ፣ ከሰው ይቀላቀሉ» አላት።

ተንቀሳቀሰች። ዝናብ መጣ። ልትጠለል የገባችበት ቤት የወጣቶች አዳራሽ ነበር፤ ወጣት ግን አልነበረበትም። አንድ ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር፣ ራሱ የደረሰውን ትያትር ራሱ እያዘጋጀ፣ በዕድሜ አቻዎቹ መካከል ፀጉሩን ይነጫል። የትያትሩ ባልቴት ዳሌዋ ተሰብሮ ሆስፒታል ገብታለች። መምህሩ ቀና አለና፣ በር ላይ ቆማ ጃንጥላ የምታራግፈውን አክስቴን አይቶ «ዘገዩ እኮ!» አላት።

ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስታስጠብቅ የኖረችን ሴት እንደዚያ ያላት አልነበረም። ገብታ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ሰላም አላገኘም። ስሟ «እትዬ መድረክ» ሆነ። ሕመሙን የነገራት ሁሉ ሚና ይታዘዝለታል። ከታችኛው ፎቅ የምትኖር ጎረቤቷ አንድ ቀን ደረጃው ላይ ይዛት፦

«እትዬ መድረክ፣ ጨጓራዬ ሊገድለኝ ነው። የበላሁት ሁሉ ያቃጥለኛል።»

«የምትበዪው መቼ አቃጠለሽ? የማትናገሪው ነው። ነይ፣ የጎረቤት ሴት ሚና አለን። ሁለተኛው ገቢር ላይ ሁለት ጊዜ ትጮኻለች።»

ሴትዮዋ መጣች፤ ሁለት ጊዜ ጮኸች፤ ከዚያም ለልምምድ እያለች ቤቷም መጮኽ ጀመረች። ጨጓራዋ አልዳነም። ባሏ ግን ጸጥ አለ።

እንቅልፍ እንቢ ያለውን ፀጉር አስተካካይ «ከድርሰቱ ሁለት ገጽ በቃልህ ለመያዝ ሞክር፣ ሦስተኛው ሳይደርስ ትተኛለህ» አለችው። ተኛ። በደስታ ለሰው ሁሉ ሲያወራ ወሬው ደራሲው ዘንድ ደረሰና፣ መምህሩ አክስቴን ልምምድ ላይ በሌሎች አፍ ብቻ የሚያናግርበት ወቅት ሆነ።

እሷ ራሷ ግን ተለወጠች፤ ይህን መካድ አልችልም። ጀርባዋ ቀና። ደረጃ ስትወጣ መደገፊያ መያዝ ተወች። «ያዢ እንጂ እታለም፣ ትወድቂያለሽ» ስላት፣ ዞር ብላ እንደ ተከራይ አየችኝና «ባልቴቷ መደገፊያ አትይዝም» አለችኝ።

እኔ የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩት ነገር ሲጨመቅ፣ አንድ ወረቀት አንድ ቦታ ብቻ እንዲኖረው ማድረግ ነው። መምህሩ ይህን እንደሰማ ከመጋረጃው ጀርባ በርጩማ ላይ አስቀመጠኝና ድርሰቱን አስታቀፈኝ። ሥራዬ ቃል የጠፋበትን ተዋናይ በሹክሹክታ ማስታወስ ነው። ሥራ አልጠፋኝም። ታላቁን ልጅ የሚሠራው ጡረተኛ በያጅ ከስሙ በስተቀር ሁሉ ይጠፋዋል። ጠበቃው «የሟች ንብረት» ማለት ሲገባው «የሟች ጉንፋን» ብሎ ያውቃል። እታለም ብቻ አንድም ቀን ወደ መጋረጃው አላየችም። አንድ ቃል አይጎድላት፣ አንድ ቃል አይተርፋት።

ስለዚህም ነገሩ ሲጀመር ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

አንድ ከሰዓት ቤቷ ሄጄ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። «ቁልፉን የት አደረግሽው?» አልኳት።

«ልጄ፣ እኔ የረሳሁትን አንተ መቼ አውቀኸው!» አለችኝ።

ሳቅኩ። ጎረቤቲቱም ሳቀች። ቁልፉን ከአበባ ማሰሮው ሥር አገኘነው። ሻይ ስንጠጣ ነው የመጣልኝ፤ የመጀመሪያው ገቢር ነው። ባልቴቷ ለትንሹ ልጇ የምትመልሰው።

ከዚያ በኋላ ጆሮዬ አላረፈም። የድሮ የሥራ ባልደረባዋ ልትጠይቃት መጥታ «አወቅሽኝ?» ስትላት፣ «ማን እንደሆንሽማ ድምፅሽ ነግሮኛል» አለቻትና ሴትዮዋ በደስታ እንባዋ መጣ። ሁለተኛው ገቢር። ስሟን ግን እስክትወጣ ድረስ አልጠራቻትም። የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ስለ ቆጣሪው ሲጠይቃት «እሱን ተወውና መጀመሪያ ቁጭ በል» አለችው፤ ሰውየው ተቀመጠ፤ ለምን እንደመጣ እሱም ረሳው። የመጀመሪያው ገቢር። መምህሩ ድርሰቱን ሲጽፍ ባልቴቷን አፈ ጮሌ ለማድረግ ብዙ ደክሟል፤ የደከመው ለማን እንደሆነ አያውቅም ነበር እንጂ፣ ለማንኛውም ጥያቄ የሚሆን ልክ መልስ ነው የሰፋላት።

ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ትሕትናዋም ጥሩ ነው።

«እማማ፣ አሁን ሦስት ቃል እነግርዎታለሁ፤ ቆይቼ እጠይቅዎታለሁ። ብርቱካን፣ መስኮት፣ ጫማ። እሺ? ዛሬስ ቀኑ ስንት ነው?»

እታለም መነጽሯን በቀስታ አወለቀች። ይህን ሁለተኛው ገቢር ላይም ታደርገዋለች።

«ቀን የሚቆጥር የሚጠብቀው ያለው ነው፣ ልጄ። እኔ የምጠብቀው መጥቶ አልቋል።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከዚያ መልሳ አንስታ «ቅድም የነገርኩዎትን ቃላትስ ያስታውሳሉ?» አለች።

«እኔ የረሳሁትን አንቺ መቼ አውቀሽው!»

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። ከሳቋ ስትመለስ ግን ኮሪደሩ ላይ ለብቻዬ ጠራችኝና፣ «ግራ ገባኝ» አለችኝ። «ቃላቱን አልመለሱልኝም። መልስ አጡ ብዬ ደግሞ መጻፍ አልችልም፤ ከኔ የተሻለ መልሰዋል። ትያትሩን አያስቁሟቸው። ብቻቸውን ግን ከቤት ባይወጡ ይሻላል።»

ሌላ ከተማ ፋርማሲ ላላት እህቴ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት።

«ታዲያ መልሱ ከገጠመ፣ ከየት እንደመጣ ምን አገባህ?» አለችኝ። «እኔስ ቀኑን ሙሉ ለደንበኛ በቃሌ የያዝኩትን አይደል የማወራው?»

«አንቺ ስትፈልጊ ሌላ ማውራት ትችያለሽ።»

«እሷስ እንደማትችል በምን አወቅህ?»

ሐኪሟ ያለችውን ግን እህቴ አልናቀችውም። «ብቻዋን አትውጣ ከተባለ ብቻዋን አትኖርም» አለች። «ትያትሩ ይታይላት፤ እኔም መጥቼ ላጨብጭብላት፤ ከዚያ ይዣት እመጣለሁ።»

«እዚያ መድረክ የት አለ?»

«ቴሌቪዥን አለ።»

«ቴሌቪዥን እኮ የሚያዩት ነው። እታለም የለመደችው መታየት ነው።»

«አንተ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነህ። መንገድ ስታቋርጥ ማን ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ሊነግራት ነው?»

እውነቷን ነው። ነገሩ ለኔ እዚህ ላይ ተቋጠረ። እታለም የቀራት በቃሏ የያዘችው ብቻ ከሆነ፣ እህቴ ልክ ናት፤ ቤቷን ዘግተን፣ ከአዳራሹ ነጥለን እንውሰዳት። ከድርሰቱ ውጭ የራሷ የሆነ ነገር ካለ ግን፣ የምናደርገው ሌላ ስም አለው። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር መጠበቅ ጀመርኩ፤ ከአፏ የሚወጣ፣ መምህሩ ያልጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር።

እስከዚያው ግን መኖር አለ። እንዴት እንደጀመርኩት በውል አላስታውስም። ምሳ ቀርቦ አልመጣም ስትል፣ ከአፌ አምልጦኝ «እማዬ፣ ጠበቃው ደርሷል» አልኩ። የታላቁ ልጅ ቃል ነው። እታለም ቀጥ ብላ ተነሳች። «ይጠብቅ! እኔ ስንት ዓመት ጠብቄ የለ!» ብላ በግርማ ተራምዳ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች፤ በላች። ገላዋን ስትታጠብ፣ ካፖርት ስትለብስ፣ መስኮት ስትዘጋ፣ ለሁሉም የሚሆን ቃል እየፈለግኩ ወረወርኩላት። እሷም ቀለበችው።

ችግር የመጣው በኪኒኑ ነው። ኪኒን የምትጠላው ከድሮም ነበር፤ ትራስ ሥር ትደብቀዋለች። አንድ ጠዋት ብርጭቆ ይዤ፣ ሳላስብ የመሃለኛውን ልጅ ቃል አልኩ፦ «እማዬ፣ መድኃኒትሽን አምጥቻለሁ።» በትያትሩ ባልቴቷ ልጇ ሊመርዛት እንደሆነ ትጠረጥራለች።

«መርዝህን ለራስህ!» አለችና ውኃውን ፊቴ ላይ ደፋችብኝ። በአዳራሹ ውስጥ እንዲያ አድርጋ ደፍታው አታውቅም። ብርጭቆው እዚያ ባዶ ነው።

ሸሚዜን ቀይሬ በቀጥታ መምህሩ ቤት ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ሁለተኛው ገቢር ላይ ባልቴቷ ኪኒኑን ብትውጠውስ?»

መምህሩ ካርታ እንደቀደድኩበት ሁሉ አየኝ። «ምን አልክ? ያ ትዕይንት የትያትሩ አከርካሪ ነው! ከዋጠችው ጥርጣሬ የለም፤ ጥርጣሬ ከሌለ ግጭት የለም፤ ግጭት ከሌለ ተመልካቹ ብርድ ልብሱን ይዞ ነው የሚመጣው!»

«ካልዋጠችው ባልቴት የለችም፣ ጋሼ።»

ሁሉንም ነገርኩት፤ ቁልፉን፣ ሐኪሟን፣ ትራሱን። መምህሩ ከኮቱ ኪስ የራሱን የኪኒን ሳጥን አወጣ፣ ከፈተው፣ አየው፣ መልሶ ዘጋው። ከዚያ «ተዋት፣ ታስባለሁ» አለ፤ «ታስባለሁ» ያለው «አስባለሁ» ለማለት ነው፤ እንዲህ ሲደነግጥ አይቼው አላውቅም።

በማግሥቱ አዲሱን ገጽ አመጣ። ባልቴቷ ኪኒኑን ከልጇ እጅ ትቀማለች፤ ከፍ አድርጋ ለሁሉም ታሳያለች፤ ከዚያ፦ «አምጣው! የምውጠው ልትገድለኝ እንደማትችል እንድታየው ነው!» ትልና ትውጣለች። አዳራሹ ውስጥ ሲሞከር በያጁ ሳይቀር አጨበጨበ። መምህሩ ደረቱን ነፍቶ «ጥበብ መውጫ አታጣም» አለን፤ ማንም ያማከረው እንደሌለ ሁሉ።

እናም በየጠዋቱ፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት፣ ከረቫቴን አስሬ፣ ብርጭቆ ይዤ፣ እናቱን ሊገድል የተነሳ ልጅ ሆኜ እቆማለሁ። እታለም በንቀት ትቀማኛለች፤ ከፍ ታደርገዋለች፤ ትፎክራለች፤ ትውጣለች። ደም ግፊቷ ወረደ። የጉልበቷ እብጠት ሟሸሸ። ሐኪሟ ተገርማ «ምን ቀየራችሁ?» ስትል እታለም «ሚና ነው» አለቻት፤ ይሄ ደግሞ ሦስተኛው ገቢር ላይ አለ ወይስ የለም ብዬ ድርሰቱን አገላበጥኩ። ጠበቃው ነው የሚለው፤ ስለ ሌላ ነገር።

እህቴ ይህን ሰምታ ለየደንበኛዋ «ትያትር ከኪኒን ይበልጣል» እያለች ማውራት ጀመረች፤ ፋርማሲ ያለው ሰው እንዲህ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ግን እንዲህ ቆርጬ መናገር አልቻልኩም። ግፊቷን ያወረደው ኪኒኑ ነው እንዳልል፣ ኪኒኑ ያለ ትያትሩ አይዋጥም። ትያትሩ ነው እንዳልል፣ ትያትሩን የጀመረችው ቀደም ብሎ ነው፤ ግፊቷ የወረደው ግን ኪኒኑን ከዋጠች ወዲህ ነው። አእምሮዋን የያዘላት ትያትሩ ነው እንዳልል፣ መሄዱን የሸፈነባት እሱው ራሱ ነው። ነገሩን የማኖርበት አንድ ቦታ አጣሁለት።

እንዲህ እያልኩ ሳለሁ እህቴ ደወለች። ሳቋን አላቆም አለች።

«ምን ሆንሽ?»

«እታለም ደውላልኝ ነበር።»

«ምን አለች?»

«ምን አለች መሰለህ፦ 'ወንድምሽን ሐኪም ቤት ውሰጂው። ትያትሩ ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶበታል። ጠዋት ጠዋት ብርጭቆ ይዞ ይመጣና እማዬ ይለኛል። ምሳ ሰዓት ጠበቃ መጣ ይለኛል። ያሳዝነኛል፤ እንዳይከፋው ብዬ የሚፈልገውን እመልስለታለሁ።'»

ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ደረጃውን ወርጄ፣ ሁለቱን መታጠፊያ አልፌ ቤቷ ሄድኩ። ሬዲዮ እየሰማች አገኘኋት። ፊት ለፊቷ ቆምኩ።

«እታለም፣ እውነቱን ንገሪኝ። እያወቅሽ ነው እንዲህ የምትመልሽልኝ?»

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ ሳቅ አለ ልበል፣ የለም ልበል።

«እሱን ተወውና መጀመሪያ ቁጭ በል» አለችኝ።

የመጀመሪያው ገቢር ነው። እኔ ግን በእውነትም ቆሜ ነበር።

ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ማን ለማን እንደሚተውን ማወቅ አልቻልኩም። ጠዋት ብርጭቆውን ይዤ ፊቷ እቆማለሁ። ቃሌን ብናገር፣ እብድ ነው ብላ ልታዝንልኝ ነው፤ ባልናገር፣ ኪኒኑ ሊቀር ነው። «እማዬ…» ብዬ ስጀምር አንዳንዴ ፊቷ የባልቴቷ ይሆናል፤ አንዳንዴ ደግሞ በልጅነቴ ትኩሳት ሲይዘኝ ግንባሬን ስትነካ የነበራት ፊት ይመጣል፤ ቃሉ ግን አንድ ነው፦ «የምውጠው ልትገድለኝ እንደማትችል እንድታየው ነው!» ለእህቴ ምን እንደምላት ጨነቀኝ። «ከአፏ የራሷን ነገር ሰምቻለሁ» እንዳልላት፣ የሰማችው እሷ ናት፣ በስልክ። እህቴም ብትሆን እንደኔ ተምታቶባት፣ «ያኔ ደህና ነበረች፤ ትናንት ስደውልላት ግን 'ማዞሪያ ነው፤ ስንት ቁጥር ላገናኝዎት?' አለችኝ» ትላለች። ስለዚህ ቀጠሮው ጸና። ትያትሩ ይታያል፤ እታለም ትወሰዳለች።

ከዚያ የሆነውን ግማሽ ነግሬያችኋለሁ። ረቡዕ ልምምዱ ለጠረጴዛ ቴኒስ ሲባል ተቋረጠ። ሐሙስ ጠዋት ብርጭቆውን ይዤ ሄድኩ፤ ፎከረች፤ ዋጠች፤ ሥራ ገባሁ። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቲቱ ቢሮ ደወለችልኝ። እታለም ወንበሯ ላይ፣ ጫማዋን እንዳጠለቀች፣ ሬዲዮው እየተናገረ አርፋ ነበር። ልቧ ነው አሉ። ግፊቷ ደህና ነበር አሉ። ሁለቱንም ያሉት አንድ ሐኪም ናቸው።

እህቴ ልታጨበጭብ የቆረጠችውን ትኬት ይዛ ለቀብር መጣች። ባልቴቷን የሚተካ ስለጠፋ ትያትሩ ተጣጠፈ። ሰው ሁሉ መልስ ይፈልጋል። ፀጉር አስተካካዩ «ትያትሩ ነው ዕድሜ የጨመረላት» ይላል። በያጁ «ያደከማት እሱ ነው፣ ሦስተኛው ገቢር ላይ መነሳትና መቀመጥ ይበዛል» ይላል። መምህሩ ኪኒኑን ስላስዋጣት ለራሱ ግማሽ ምስጋና ይወስዳል፤ ደግሞ ማታ ማታ ይደውልልኝና «ባላስዋጣትስ ምን ይሆን ነበር?» ይለኛል። እህቴ «ሦስት ደስ የሚል ዓመት ነበራት፤ አቁም» ትለኛለች። እኔ ሲጠይቁኝ አላውቅም እላለሁ። አለማወቅ ለኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ቤቷ ሰው ሲበዛ አየር ልወስድ ኮሪደር ወጣሁ። ከሥራ ቦታዬ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ሊያጽናናኝ መጥቶ እዚያ ቆሞ አገኘሁት። እጄን ጨብጦ ቁልቁል እግሬን አየ።

«ደህና ሆነልህ ማለት ነው» አለኝ።

ሱሪዬን ነው። ለትያትሩ መክፈቻ ብዬ የገዛሁት፣ ቁመቱ እንዲያጥር እሱ ዘንድ መተዌን ለእታለም አውርቼላት እኔው የረሳሁት ሱሪ ነው። ሐሙስ አመሻሽ ላይ ከእታለም ቤት ለደቂቃ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ በፌስታል ሆኖ ከበሬ እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ማን እንዳመጣው ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም። ለቀብር ለበስኩት።

«አንተ ነህ ያመጣኸው?» አልኩት።

«እኔ? አክስትህ ናቸው እንጂ። ሐሙስ ጠዋት መጡ። ብቻቸውን።»

«የኔን ሱሪ ብለው?»

«'የልጄን ሱሪ' ብለው። አወጣሁላቸው። ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ሁለቱን እግር አጋጠሙና 'እኩል ነው' አሉ። 'አዎ እማማ፣ እኩል ነው፤ እኔ መቼ አዛንፋለሁ' አልኳቸው። 'እሱ ነዋ ጥፋትህ' አሉኝ። 'የዚህ ልጅ ቀኝ እግሩ ከግራው ትንሽ ያጥራል። እኩል ካደረግከው አንዱ መሬት ይጠርጋል። ቀኙን ወደ ላይ ያዘው።' 'ኧረ እማማ፣ እሱ ራሱ አልነገረኝም' ስላቸው፣ 'አያውቅማ! ልጅ ሆኖ ነው ከአጥር የወደቀው። እንዳያፍር ብዬ ሱሪውን ሁሉ እኔ ነበርኩ የማስተካክልለት' አሉ። ተቀምጠው ይጠብቁኝ ብላቸው እንቢ አሉ፤ እስክጨርስ ቆሙ።»

ቤት ስገባ በሜትር ለካሁ። ያጥራል። ዕድሜዬን ሁሉ አንዱ እግር ለምን ጭቃ እንደሚጠርግ ሳላውቅ፣ የሰፊዎችን እጅ እየረገምኩ ኖሬያለሁ። «ኑዛዜው»ን እስከ ነጠላ ሰረዙ አውቀዋለሁ፤ ሦስቱንም ገቢር። ውስጡ ሱሪ የለም። ልብስ ሰፊ የለም። ከአጥር የሚወድቅ ልጅ የለም።

ሐሙስ ጠዋት፣ እኔ ሥራ እንደገባሁ፣ እታለም ካፖርቷን ደርባ ብቻዋን ወጣች። መንገዱን ተሻገረች። ሰውየው ቀኙን ፈትቶ እስኪሰፋ ቆማ ጠበቀች። ሱሪውን ራሷ አጥፋ ፌስታል ውስጥ ከተተች። እኔ ቤት ድረስ መጥታ ደረጃውን ወጣች፣ ፌስታሉን ከበሬ እጀታ ላይ አንጠልጥላ እንዳይወድቅ ሁለት ጊዜ ቋጠረችው፣ ወደ ቤቷም ተመለሰች።